ምን እንቀባው?

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ እዚህ ሠራተኛ ሰፈር፣
በወዛደር ጀርባ ታዝሎ መጣ አንድ የዝግባ በር።
ከኋላው እትዬ አልጋነሽ፣ ጃንጥላቸው ተሰብሮ፣
ባንድ እጃቸው ቁልፍ፣ በሌላው የቤት ቁጥሩ ቆርቆሮ።
«ቤቱ ፈርሷል» አሉኝ፣ «ከእሪ በከንቱ ይኸው ነው የተረፈኝ፤
ኮንዶሚኒየሙ በሩ ብረት ነው፣ ሲዘጉት አስደነገጠኝ።
ጠረጴዛ አድርግልኝ። የልጄ ባል ላከር አለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፤
ጎረቤቴ ቫርኒሽ አለች፤ አንተስ? ያንተ ነው የቅብ ሥራ።»

ቶሎ አልመለስኩም። ሙያ ያስያዘኝ ጋሽ ገረመው
«ጣሳውን ከመክፈትህ በፊት» ይል ነበር፣ «እንጨቱን ጠይቀው፤
የት ነው የሚኖረው? ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ?
የጋለ ድስት ያርፍበታል? ልጅ በሹካ ይቧጥጠዋል በኋላ?»
እሱ ለአጥር ቋሚ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር የሚመርጥ፣
ከጋራዥ በጀሪካን ለምኖ፣ ባሕር ዛፉን ከምስጥ ሊያስመልጥ፤
«አፈር ለሚገባ እግር ሽቶ አይቀቡም» ብሎ ይስቅ ነበር።
ለወንበር ግን ጎማላካ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ክብ በክብ፣ ሲያሽ ውሎ ሲያሽ የሚያድር።

«እትዬ» አልኩ፣ «ላከር በክረምት ክፉ ነው፤
እርጥብ አየር ሲያገኘው ጉም ይለብሳል፣ የዓይን ሞራ ነው የሚመስለው።
ቫርኒሽ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ሐቁን ልናገር፤
መስኮትዎ ወደ ምዕራብ ከሆነ ግን ቢጫ ይሆናል፣ እንደ ቆየ ደብተር።
የተልባ ዘይት ላዩ ላይ አይቆምም፣ ይሰርጋል ወደ ውስጥ፤
ለመድረቅ ሳምንት ይጠይቃል፣ ለቸኮለ ሰው አይመረጥ።
የተቀባበት ጨርቅ እንኳ ተጨማዶ ከተጣለ ብቻውን ይነድዳል፤
ጋሽ ገረመው የግራ ቅንድቡን ያጣው እንዲህ ነው፣ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።»

በማግስቱ መፋቅ ያዝኩ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በስለት፤
ከላይ ለሚሌኒየሙ የተቀባ አረንጓዴ፣ ከሥሩ አመድማ፣
ከሥሩ ሰማያዊ፣ ለማን ሠርግ ይሆን ለማን ልደት?
ከእያንዳንዱ ቀለም ሥር አንድ ሰው፣ ጣሳ ይዞ፣ ደጃፍ ቆሞ፣
«ምን እንቀባው?» ብሏል፤ መልሱ ይኸው ተደራርቦ ተጋድሞ።
ከቁልፉ ቀዳዳ ስንዝር ከፍ ብሎ ግን፣ ቀለሙ ሁሉ ተበልቶ፣
መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር፣ ለስልሶ፣ ወዝ ጠጥቶ፤
ውሃ ባንጠባጥብበት እንደ ኮባ ቅጠል ያንከባልላል።
«ይህን ልፋቀው?» አልኳቸው። ዝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ባለቤቴ» አሉ በኋላ፣ «ከጠጅ ቤት ማታ ሲመጣ
እዚህ ጋ ይደገፍ ነበር፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲያጣ።
ሃያ ስድስት ዓመት። ከውስጥ እሰማዋለሁ፣ ነቅቼ፣ መብራት አጥፍቼ፤
አንድም ቀን ተነሥቼ አልከፈትኩለት፣ እልህ ይዤ፣ ተኮራምቼ።»

ከዚያ፦ «ዘይቱ ይሸፍነዋል?»
«አይ እትዬ፣ ዘይት አይሸፍንም። ያጎላዋል።»

ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት።
«እንግዲያው ዘይት። ያ ፊት ግን ወደ ሥር ይሁን፣ እንግዶች እንዳያዩት፤
እኔ ስቀመጥ በእጄ አገኘዋለሁ።»

ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ በየሳምንቱ፣ ዝናብ ሲያባራ።
ሥሩንም አልማርኩ፤ ባንድ ፊቱ ብቻ የቀቡት ሳንቃ
ይጎብጣል፣ ያኮርፋል፣ አይገራ።
ያቺን መዳፍ የምታህለውን ዘለልኳት፣ ዳር ዳሯን ብቻ ዳስሼ፤
ለእሷ የሚሆን ቅብ አላገኘሁም፣ ፒያሳን ሙሉ አስሼ።
ጨርቆቹን ከሱቁ ፊት፣ በሽቦው ላይ፣ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው፤
አላፊ አግዳሚው የልጅ ልብስ መስሎት፣
«ዝናብ መጣ» ይለኛል፣ «አስገባቸው»።